ካምቢዮው ሳይሆን ቱቦው ነው

ወረታ ላይ አውቶማቲክ መኪና ጋራዥ የሚገባው ፍርዱ አልቆ ነው። ባለቤቱ ገና እግሩ መሬት ሳይነካ «ካምቢዮው ሄደ» ይላል። አብሮት የመጣው ጓደኛ ባሕር ዳር አሮጌ ካምቢዮ ለሚሸጥ ሰው መደወል ጀምሯል። ከዳር ቆሞ የሚያየውም «ድሮስ አውቶማቲክ ለዚህ አገር ምን ሊሆን!» ብሎ ይጨርሰዋል። ይህን ሁሉ ሰምቼ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መኪናው ሌሊት የሚቆምበት ቦታ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ ወይ? ብዙ ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜም ጥፋተኞቹ ከካምቢዮ ወደ ራዲያተር ዘይት የሚያመላልሱት፣ ከጣት የማይወፍሩት ሁለት ቱቦዎች ናቸው።

ይህን የምጽፈው ለመካኒክ ባልደረቦቼ አይደለም፤ እነሱ ያውቁታል፣ ባያውቁም ከእኔ አይማሩም። የምጽፈው አሮጌ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ለያዘው መምህር፣ ለጤና ባለሙያው፣ ለሩዝ ነጋዴው ነው። ያየሁትን ልናገር፦ ቱቦ በማፍሰሱ ብቻ ካምቢዮ የተቃጠለበት ሰው ጥቂት ነው። ቱቦው ሲያፈስ በተደረገለት መላ ካምቢዮ የተቃጠለበት ግን ብዙ ነው።

አሮጌ ስል ማንቋሸሼ አይደለም። መኪና እንደ ዱሮው ቶሎ ቶሎ የሚለወጥበት ጊዜ አልፏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተሠራው የመጀመሪያው ቪትዝ ሃያ ዓመት አልፎትም መንገድ ላይ ነው። ባለቤቱ የሞተር ዘይት ይቀይርለታል፣ ቀለም ያስቀባዋል፣ የቦሎ ወቅት ሲደርስ ፍሬኑንና መብራቱን ያሳያል። እነዚያ ሁለት ቱቦዎች ግን ከፋብሪካ እንደ ወጡ ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም።

ጋራዣችን ያለው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው አስፋልት ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠለው በኩል ነው። የደብረ ታቦሩ ቻይናዎች በደርግ ዘመን ሠርተው እስከ ወልዲያ ያደረሱት መንገድ ነው። የወረታ ደረቅ ወደብ ከመጣ ወዲህ ኮንቴይነር የጫነው ከባድ መኪናም በዝቷል። በዚህ መገንጠያ ከሚያልፈው አብዛኛው፣ አይሱዙውም፣ ሚኒባሱም፣ ባጃጁም፣ ማንዋል ነው። የወረታ መካኒክ እጅ የሠለጠነው በማንዋል ነው፤ እኔንም ያስተማሩኝ ሰው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የእርሻ መሣሪያ ምሩቅ ነበሩ፤ ትራክተር ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱ ነበር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን «የሰነፍ መኪና» ነበር የሚሉት። አውቶማቲክ ሲመጣ ፈርተን ወይ «አንነካም» እንላለን፣ ወይ ሳንመረምር እናወርደዋለን። ሁለቱም ባለቤቱን ያስከፍሉታል።

እስቲ ዘይቱ ለምን ከካምቢዮው ወጥቶ እንደሚዞር ላስረዳ፤ ይህ ካልገባ ቀሪው ሁሉ ትእዛዝ ብቻ ይሆናል። ማንዋል መኪና ላይ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያያይዘው የፍሪሲዮን ዲስክ ነው። አውቶማቲክ ላይ በዚያ ቦታ የተቀመጠው ዘይት የተሞላ ድፍን ክብ ዕቃ ነው፤ ቶርክ ኮንቨርተር ይባላል። በሞተሩ በኩል ያለው ግማሹ ዘይቱን ይወረውራል፤ የተወረወረው ዘይት በካምቢዮው በኩል ያለውን ግማሽ እየመታ ያዞረዋል፤ በወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ላይ ውሃው የእንጨቱን ክንፍ እንደሚመታው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የወፍጮው ውሃ መትቶ ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ያው ዘይት እየተመለሰ ይመታል። ስለዚህ ይግላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ በጣም ይግላል።

የዘይቱ ሥራ በዚህ አያበቃም። ካምቢዮው ውስጥ ማርሽ የሚቀያየረው በዘይት ግፊት የሚጨመቁ ስስ ዲስኮች ሲይዙና ሲለቁ ነው። ዘይቱ አነሰ ማለት ግፊቱ ወረደ ማለት ነው፤ ግፊቱ ከወረደ ዲስኩ አጥብቆ አይይዝም፣ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይቃጠላል። «ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም» የሚሉኝ ይህ ሲሆን ነው።

ሙቀቱን ለማውጣት በካምቢዮው ውስጥ ያለው ፓምፕ ዘይቱን በአንደኛው ቱቦ ወደ ራዲያተር ይልከዋል። በራዲያተሩ የውሃ ቋት ውስጥ ለብቻዋ የተዘጋች ትንሽ ማቀዝቀዣ አለች፤ ዘይቱ በእሷ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውሃው ሰጥቶ በሁለተኛው ቱቦ ወደ ካምቢዮው ይመለሳል። ውሃና ዘይት ጎን ለጎን ናቸው፣ ግን አይነካኩም፤ በመካከላቸው ያለው ስስ ብረት ብቻ ነው። ዘይቱ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሠራ ዕድሜው ይረዝማል። በሙያችን የቆየ ስሌት አለ፦ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ስሌቱ ግምት ነው፤ የተቃጠለ ዘይት ያሸተተ ሰው ግን አይጠራጠረውም።

ቱቦዎቹ አብዛኛው ርዝመታቸው ብረት ነው። ወደ ራዲያተሩና ወደ ካምቢዮው ሲጠጉ፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እንዳይሰበሩ፣ በአጭር የጎማ ቱቦ ይቀጠላሉ፤ ጎማውን በብረቱ ላይ የሚያጠብቀው ፋሼታ ነው። ጎማው ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደርቃል፣ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ፋሼታው ይላላል። ይህ በየትኛውም አገር የሚሆን ነው። ብረቱ ላይ የሚደርሰው ግን የእኛ አገር ሥራ ነው።

ወረታ ያለችበትን የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ዋልካን፣ ጥቁሩን ጭቃ፣ ያውቃል። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ከአስፋልት ወርዶ ወደ ቀበሌ የገባ መኪና ጭቃውን ተሸክሞ ይመለሳል። አሸዋ ቢሆን ይረግፍ ነበር። ዋልካ ከመኪናው ሆድ ሥር ይጣበቃል፣ በተለይ ቱቦው ከመኪናው አካል ጋር በቅንፍ በሚታሰርበት ቦታ ይጠቀጠቃል። ላዩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ እስከ ጥቅምት እርጥብ የሆነ አይቻለሁ። ብረቱ የሚበላው እዚያ ቅንፍ ሥር ነው፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። ባለቤቱ መኪናውን አያሳጥብም አልልም፣ ያሳጥባል፤ ላዩን። ጥር ላይ ለሠርግ አብረቅርቆ የሚወጣው ቪትዝ ከሥሩ የነሐሴን ጭቃ ይዞ ነው ሙሽራ የሚያጅበው።

ሁለተኛው የእኛ አገር ነገር የሩዝ ገለፈት ነው። ሩዝ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከጂግናና ከሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገበሬዎች ጋር ከሞከሩት ወዲህ ሜዳውን ወርሶታል፤ የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው እዚሁ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዙ ታጭዶ መፈልፈያ ማሽኖቹ ሥራ ሲጀምሩ የከተማው አየር ገለፈትና አቧራ ነው። ደረቅ ራዲያተር ላይ ያረፈ ገለፈት በጎሚስታ ኮምፕሬሰር ሲነፋ ይራገፋል። ዘይት ያዛበት ላይ ያረፈ ግን ይለጠፋል፤ ሌላው በላዩ ይለጠፋል። ከዚያ ሁለት ችግር አብሮ ይመጣል። ገለፈቱ ዘይቱን ስለሚጠጣው ነጠብጣቡ መሬት አይወርድም፤ ባለቤቱ «አያፈስም» ብሎ ይምላል፣ እየማለ ዘይቱ ያልቃል። ራዲያተሩም አየር ስለማያሳልፍ ውሃው ይግላል፣ ውሃው ሲግል ዘይቱን የሚያቀዘቅዝ ይጠፋል። ለዚህ ነው ሩዝ መፈልፈያ ሠፈር የሚያድሩ መኪኖችን ኮፈን ስከፍት መጀመሪያ እጄን ወደ ራዲያተሩ ታችኛው ጥግ የምሰደው።

ሦስተኛው ዳገቱ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ። በመካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አለም በርን ካለፉ በኋላ መኪናው ሲያቃስት ይሰማል። ከፍታ በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ያወርደዋል። ክዳኑ ግፊት የማይዝ ራዲያተር ወረታ ላይ በ94፣ ደብረ ታቦር ላይ በ91 ዲግሪ ይፈላል። ክዳኑ ደህና ከሆነ ውሃውን በግፊት ስለሚይዘው መፍላቱ ይዘገያል፤ የክዳኑ ላስቲክ ትንሽ ነገር መስሎ የሚናቅ ዕቃ ነው። ማርሹን ዲ ላይ አድርገው ዳገቱን ከወጡ ካምቢዮው ከሦስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት እያለ ይዋልላል፤ በዋለለ ቁጥር ይግላል። እጀታው ላይ ኦ/ዲ የምትለዋን ቁልፍ ያጥፉ፣ ከከበደው ሁለት ላይ ያድርጉት። ሲወርዱም እንዲሁ፤ ፍሬንዎ ያመሰግንዎታል።

አሁን ወደ ምርመራው። ከራዲያተሩ እስከ ካምቢዮው ድረስ ሥሩን በሳሙናና በውሃ አጥበው ያድርቁ። ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ዘርግተው ይደሩ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ ካለ ብዙ ጊዜ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ደግሞ ለመደምደም አይቸኩሉ። የቶዮታ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽም ቀይ አለው፤ በአሮጌ ኮሮላ ላይ የመሪው ፓምፕም የሚሠራው በዚያው ቀይ ዘይት ነው። ነጠብጣቡን በጣትዎ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ላይ ጣል ያድርጉት፦ ዘይት ከሆነ ይንሳፈፋል፣ የራዲያተር ፈሳሽ ከሆነ ከውሃው ይቀላቀላል። የመሪ ዘይት ከሆነ የመሪው ዘይት ዕቃ ላይ ልኩ ጎድሎ ያገኙታል። የመጀመሪያው ቪትዝ መሪ በኤሌክትሪክ ስለሚታገዝ በእሱ ላይ ይህ ጥርጣሬ የለም።

ዘይቱ የወደቀበት ቦታ የፈሰሰበት ቦታ ነው ብለውም አይመኑ። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ይነዳዋል፤ ፊት ለፊት ራዲያተሩ ጋ ያለው ፋሼታ ያዛውን ካምቢዮው ሥር ያገኙታል። ካምቢዮ በከንቱ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይና ከፊት ይጀምሩ፤ የመጀመሪያው እርጥብ ቦታ እውነተኛው ነው።

የዘይቱን ልክ መለካትም የራሱ ሥርዓት አለው፣ ከሞተር ዘይት ይለያል። ዘንግ ያላቸው ቶዮታዎች ላይ መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ሜዳ ለፎገራ ሰው አይቸግርም፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ይነዳል፣ ከዚያ ሞተሩ ሳይጠፋ ፍሬን ረግጠው ማርሹን ከፒ እስከ ኤል ቀስ እያሉ አዙረው ወደ ፒ ይመልሱታል። ዘንጉን አውጥተው ጠርገው መልሰው ያውጡ። ለትኩስና ለቀዝቃዛ የተለያየ ምልክት አለው፤ ትኩሱን ያንብቡ። ሞተር አጥፍቶ የለካ ሰው ዘይቱ ሞልቶ ያያል፣ ዘይቱ ግን ጎድሏል። ዘንጉን ሲያወጡ ቀለሙንና ሽታውንም ይመልከቱ፦ ቀይና ጠረኑ ቀላል ከሆነ እሰየው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ካምቢዮው ቀድሞ ተጎድቷል፣ ቱቦውን ብንቀይርም የሞተውን አናስነሳም።

ጥገናው ላይ ደረስን። ያፈሰሰው ጎማው ብቻ ከሆነ እድለኛ ነዎት። ሞተሩ ይብረድ፣ ከሥር ዕቃ ይቀመጥ፣ የሚፈሰውም ዘይት ይለካ፤ ምን ያህል እንደ ወጣ ካወቁ ምን ያህል እንደሚመልሱ ያውቃሉ። የደረቀ ጎማ ተጎትቶ አይወጣም። በምላጭ በቁመቱ ይሰንጠቅ፣ ብረቱን ሳይጭሩት። ብረቱ ላይ ጭረት ከቀረ አዲሱም ጎማ በዚያች ጭረት በኩል ያዛል። እንደ መኪናው 8 ወይም 10 ሚሊሜትር አካባቢ የውስጥ ስፋት ያለው ጎማ ይሆናል፤ አሮጌውን ይዘው ሄደው ይለኩ። ልብ ሊባል የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ለራዲያተር ውሃ የተሠራ ጎማ ለዚህ አይሆንም። የነዳጅ ጎማም አይሆንም። ሁለቱም መጀመሪያ ይይዛሉ፤ ትኩስ ዘይት ሲቆይባቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ ከፋሼታው ይንሸራተታሉ። ፓምፑም ካምቢዮውን በደቂቃዎች ውስጥ መሬት ላይ ያፈሰዋል። መጠየቅ ያለበት ለካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የተሠራ ጎማ ነው፤ ካልተገኘ የሃይድሮሊክ ጎማ። በትልልቅ ከተሞች የሃይድሮሊክ ቱቦ በልክ ቆርጠው ጫፉን በማሽን የሚጨምቁ ቤቶች አሉ፤ አሮጌውን ቱቦ ለሚኒባስ ረዳት ሰጥቶ ባሕር ዳር መላክ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። የሱቁ ሰው «ይሄም ያው ነው» ካለዎት ጎማው ላይ የተጻፈውን ያንብቡለት።

ፋሼታ ላይ ሲሰስቱ አያለሁ፤ አይሰስቱ። አሮጌውን አጣምሞ መልሶ ማሠር የሳንቲም ቁጠባ ነው። ጥብቀቱም ልክ ይኑረው፤ ካቻቪቴውን ጉልበታቸው እስኪያልቅ የሚያዞሩ ልጆች አሉ፣ ፋሼታው ጎማውን ይቆርጠዋል።

ቱቦው ከራዲያተሩ ጋር በዳዶ የሚታሰርባቸው መኪኖች አሉ። እዚህ ሁለት መፍቻ የግድ ነው፤ አንዱ የራዲያተሩን አንገት ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ይፈታል። በአንድ መፍቻ ከታገሉ አንገቱ አብሮ ይዞርና ውስጥ ያለችውን ማቀዝቀዣ ይሰብራታል። ያን ጊዜ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። ራዲያተሩን ሲከፍቱ ሮዝ፣ ወተት መሳይ ነገር ካዩ፣ ወይም ዘንጉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ሞተሩን አያስነሱ። የካምቢዮው ዲስኮች ልባስ የተያዘው በማጣበቂያ ነው፤ ውሃ ያን ማጣበቂያ ይፈታዋል። መኪናው «ገና ይሄዳል» ተብሎ ሁለት ሳምንት ከተነዳ ካምቢዮው ከነውስጡ ይላጣል። ራዲያተሩ ይቀየር፣ ካምቢዮው እስኪጠራ በአዲስ ዘይት ይታጠብ፤ ዘይቱ ይበዛል፣ ገንዘብ ነው፣ ሌላ መንገድ ግን አላውቅለትም።

የበሰበሰው ብረቱ ከሆነ ፈተናው ይከብዳል። አዲስ ቱቦ ከተገኘ ይገዛ፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ቱቦ ሊገኝ ይችላል፤ ከመክፈልዎ በፊት ቅንፍ የሚታሰርበትን ቦታ በጥፍርዎ ይፋቁት። ካልተገኘ የበሰበሰው ክፍል ብቻ ተቆርጦ ይወጣል። በሰጌቶ ከተቆረጠ የብረት ብናኙ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የቱቦ መቁረጫ ይሻላል፣ ከሌለም ቱቦው ከመኪናው ወርዶ ተቆርጦ በቤንዚን ታጥቦ በኮምፕሬሰር ይነፋ። ከዚያ የሁለቱም ብረቶች ጫፍ በመሣሪያ ትንሽ ከንፈር ይውጣለት፤ ከንፈር የሌለው ለስላሳ ብረት ላይ ጎማ ይንሸራተታል። የዘይት ጎማው በእያንዳንዱ ብረት ላይ ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር ይግባ፣ በየጫፉ ሁለት ሁለት ፋሼታ። ከጭስ ቱቦው ይራቅ፣ ከሹል ነገር ጋር አይተሻሽ። ይህ የተቀጠለ ቱቦ የፋብሪካውን ያህል አይደለም፤ በየክረምቱ መጨረሻ እያዩት ግን ዓመታት ያገለግላል።

አሁን ደግሞ አታድርጉ የምለው። ወረታ ላይ በር የሚበይድ ሁሉ ቱቦ እበይዳለሁ ይላል። የበር ብየዳ ኤሌክትሮድ ስስ ቱቦ ላይ ሲያርፍ አንዱን ቀዳዳ ሦስት ያደርገዋል፤ ዝገት እያፈራረሰ ወደ ውስጥም ያስገባል፣ ያ ፍርፋሪ ካምቢዮው ውስጥ ቫልቭ ሲይዝ ጥፋቱ ይታያል። በጋዝ፣ በነሐስ የሚበይድ ጥሩ እጅ ካለ ይቻላል፤ ቱቦው ከመኪናው ወርዶ፣ ዘይቱ ታጥቦ ደርቆ ብቻ። መኪናው ላይ እያለ፣ ዘይት ባለበት፣ እሳት! ይህን የሚሠራ ሰው ሲያዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ሳሙና የነዳጅ ታንክ ቀዳዳን እንደሚይዝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለዚህ ቱቦ ግን ሙቀቱም ግፊቱም አይፈቅድለትም። ማጣበቂያም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ ራዲያተሩን ማስቀረት የሚባልም መላ አለ። ዘይቱ በእርግጥ አያፈስም፤ ግን የሚቀዘቅዝበት የለውም። ከርብ ድልድይ ወረታ ቀስ ብሎ ለመግባት እሺ። ደብረ ታቦር ለመውጣት ግን ካምቢዮ ለመቀቀል ነው።

መልሶ የሚሞላው ዘይት ላይ ክርክር ይበዛል። ለብዙዎቹ የድሮ ኮሮላዎች ዴክስሮን ነው፤ ለመጀመሪያው ቪትዝ ታይፕ ቲ ፎር የሚለውን የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ቀጥለው የመጡት ደብሊው ኤስ ይላሉ። ለማንም ከመስማትዎ በፊት የመለኪያው ዘንግ ላይ የተቀረጸውን ያንብቡ፣ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ብዙው ሲቪቲ ነው፤ በሚቀያየር ማርሽ ፈንታ የብረት ቀበቶ ያለው። ለእሱ የሲቪቲ ዘይት ብቻ፤ «ቀይ ቀይ ነው» ተብሎ ሌላው ከተሞላ ቀበቶው ይንሸራተታል። ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ፣ እያስነሱ፣ ይለኩ። የበዛም እንደጎደለ ይጎዳል፤ የሚሽከረከረው ነገር ዘይቱን መትቶ አረፋ ያደርገዋል፣ ፓምፑ አረፋ ሲስብ ግፊት አይፈጥርም።

መንገድ ላይ ካፈሰሰብዎ ሁለት ነገር ብቻ ላስታውስ። መኪና ቆመ ከተባለ በእኛ አገር የሚገፋ ሰው አይታጣም፤ አውቶማቲክ ግን ተገፍቶ አይነሣም። ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ እንጂ ጎማው አይደለም። በዚያው ምክንያት በገመድ ከአይሱዙ ኋላ ታስሮ ከደብረ ታቦር ወረታ የሚወርድ ቪትዝ እዚህ ሲደርስ ካምቢዮው ያለ ዘይት ሲሽከረከር ነው የመጣው። የሚጎተት ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሡ፣ ወይም ተጭኖ ይምጣ። ለማጓጓዣው የሚከፈለው ከካምቢዮ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛው፣ ዘይት በጋለ የጭስ ቱቦ ላይ ከተረጨ እሳት ያስነሣል፤ ከኮፈን ጭስ ሲወጣ ካዩ ሞተሩን አጥፍተው ሰው ያውርዱ፣ ኮፈኑን ወለል አድርገው አይክፈቱ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነው። በቅርቡ አንድ ጋሼ አዲስ ጎማና ፋሼታ ገብቶላቸው፣ ዘይት ተሞልቶላቸው «ነገ ደብረ ታቦር ለቅሶ አለብኝ፣ ልውጣ?» አሉኝ። መጀመሪያ አለም በር ደርሰው ይመለሱ፣ እንደ ተመለሱ ኮፈኑን ከፍተን ፋሼታዎቹን በጨርቅ እንጥረግ፣ ሌሊት ካርቶን ይደርበት አልኳቸው። ትኩስ ዘይት ካለፈበት በኋላ አዲስ ጎማ ትንሽ ይቀመጣል፤ ፋሼታው ሩብ ዙር ያህል ሊፈልግ ይችላል። «ለቅሶው ግን ነገ ነው፣ አንተ ልጅ» አሉኝ። ነገ በሚኒባስ ይሂዱ፤ የደብረ ታቦር ሚኒባስ ከመገንጠያው አይጠፋም።